የታክሲ ሰማያዊ

ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ የቀለም ሽታ ስስብ፣ ሰማያዊ ሚኒባስ የሚቀባው ልጅ ዞር ብሎ «እህት፣ መኪናሽ የትኛዋ ናት?» አለኝ። መኪና እንኳ የለኝም። ሽታው ነው ያቆመኝ፤ ካዛንቺስ፣ እነ ሪታ ግቢ ወስዶኝ።

የልጅነት ጓደኛዬ የሪታ አባት መኪና ቀቢ ነበሩ። ግንቦት ላይ አንድ ቀን እናቷ እትዬ ሉቺያ ከታክሲ በተረፈ ሰማያዊ ቀለም የጀሶ የማርያም ሐውልታቸውን መጎናጸፊያ ሲያድሱ ደረስኩ። እኛ ደግሞ ጴንጤ ነን፤ አፌ አላርፍ አለኝ።

«እትዬ፣ ካቶሊኮች ማርያምን ለምንድን ነው እንዲህ የምታከብሯት? ጌታ ብቻውን አይበቃም?»

ሪታ «ሁለተኛ እኛ ቤት እንዳትመጪ!» ብላ ጮኸችብኝ። እናቷ ግን ብሩሹን እንደያዙ ሳቁ።

«ቆይ ሪታ። አንቺ፣ አሁን ማንን ፈልገሽ መጣሽ?»

«ሪታን።»

«ታዲያ ስትገቢ መጀመሪያ ማንን ሳምሽ?»

«እርስዎን።»

«ለምን? እኔ ካንቺ ጋር ገመድ አልዘል!»

«እናቷ ስለሆኑ ነዋ!»

«እኛም እንደዚሁ ነው» አሉና ብሩሹን ሰጡኝ። «በይ፣ የቀረውን ጨርሺላት።»

ቤት ስገባ እናቴ ሰማያዊ ጣቶቼን አየች። ሁሉንም ነገርኳት። በጋዝ ስትፈትጋቸው ቁጣዋን ጠበቅኩ።

«ለመሆኑ» አለች በመጨረሻ፣ «በደንብ አድርገሽ ቀባሽላት?»

የጋራዡ ልጅ አሁንም እጁን በጨርቅ እየጠረገ መልሴን ይጠብቃል።

«መኪና የለኝም» አልኩት እየሳቅኩ፣ «ይቺን ሰማያዊ ግን በደንብ አድርገህ ቀባት።»