ወደ ጠርሙሱ የመለስኩት

ከአገሬ ወጥቼ፣ ኪሱጉ ከሚባለው ኮረብታ ግርጌ ባለው የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ስቀጠር ይዤው የመጣሁት ሙያ አንድ ነው፤ ደሴ ላብራቶሪ ውስጥ የተማርኩት ልኬት። በየማለዳው የእጅ መለኪያዬን፣ አሲድነቱ ሰባት እንደሆነ አስቀድሞ የሚታወቅ ፈሳሽ ውስጥ ነክሬ አስተካክለዋለሁ፤ ከዚያ ውሃውን እለካለሁ። ጎበዝ ነበርኩ፤ ትንሽ ጉራም ነበረብኝ።

የፋብሪካው ባለቤት፣ ወሎዬው ሐጂ፣ አንድ ቀን ውሃውን የሚለካ፣ ራሱንም በራሱ የሚፈትሽ ማሽን አመጡ። የአንድ ወር ሙከራ ነው፤ ካልተስማማን ሻጩ መልሶ ይወስደዋል። ማሽኑ ጠዋት ጠዋት የሚለካበት ሴንሰር ላይ ውሃ ይረጫል፣ በብሩሽ ያሸዋል፤ ከዚያ ከጎኑ ከተሰቀለው ጠርሙስ ያንኑ የታወቀ ፈሳሽ ስቦ ራሱን ይፈትናል። ሰባት ካላገኘ ማሸጊያውን ያቆማል።

«ውዱእ አድርጎ እኮ ነው ሥራ የሚጀምረው!» አሉ ሐጂ ደስ ብሏቸው። እኔ ግን ቀናሁበት። እሱ ከቆየ እኔ ምን ልሠራ ነው? በሰው አገር እንደገና ሥራ ፍለጋ መዞር ገና ሲታሰበኝ ይደክመኝ ነበር።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ማሽኑ ፈተናውን ወደቀ። ታጥቦ ደገመ፤ አሁንም ወደቀ። ካምዎክያ ሰፈር ላለ ሰርግ የሚሄደው ውሃ ግማሹ ብቻ ታሽጎ መኪናው ደጅ ይጠብቃል።

«ምንድን ነው ፕሮብለሙ?» አሉ ሐጂ።

የእጅ መለኪያዬን የማሽኑ ጠርሙስ ውስጥ ነከርኩት። ልክ ሰባት! «ሐጂ፣ ማሽኑ ነው የተበላሸው» አልኳቸው። ደስታዬን መደበቅ እንኳ አልቻልኩም።

«በቃ ለሻጩ ልደውልና ይውሰድልን» ብለው ወጡ።

ብቻዬን ስቀር ጠርሙሱን አየሁት። ሻጩ አሽጎ ያመጣው ፈሳሽ ትናንት አልቆ ከራሴ ጠርሙስ ነበር የሞላሁት። እኔ ደግሞ የነከርኩበትን ፈሳሽ ደፍቼ አላውቅም። በተማርኩበት ላብራቶሪ ዕቃ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ተጠቅሜ ወደ ጠርሙሱ እመልሰዋለሁ። እንዳይመለስ የሚል ጽሑፍ ጠርሙሱ ላይ አለ፤ አንብቤዋለሁም። ንጹህ የሚመስል ነገር መድፋት ግን ያሳዝነኛል።

መሳቢያ ውስጥ ያልተከፈተ አዲስ ጠርሙስ ነበር። ከፍቼ መለኪያዬን ነከርኩ። ሰባት ነጥብ ሦስት አለ። መለኪያዬ እየመለስኩ ባበላሸሁት ፈሳሽ ተስተካክሎ ለዚያው ፈሳሽ ይመሰክርለት ነበር። ማሽኑ አልዋሸም።

ዝም ብል ማሽኑ ይሄዳል፣ እኔ እቀራለሁ። አልዋሽም፣ ዝም ልል አስቤ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ውሃው ማንንም አይጎዳም። ግን ነገ ጠዋት መዝገቡ ላይ የማላምነውን ቁጥር ልጽፍ ነው? ሐጂ ግቢው ውስጥ ስልካቸውን እንደያዙ ደረስኩባቸው።

«ሐጂ፣ ይተዉት። ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ስልኩን ዘጉ። «ቆጣቢ ናት ብዬ ነው የቀጠርኩሽ። ይሄን ያህል ግን አላልኩም!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ማሽኑ ማን እንዳበላሸው አይነግረኝም፤ አንቺ ነገርሽኝ። ሁለታችሁም ትቆያላችሁ። በይ አዲሱን ሙዪለትና ሰርገኛው ውሃ ይጠጣ።»

ይኸው ሁለታችንም አለን። ጠዋት ከበር ላይ የገዛሁትን ትኩስ ሮሌክስ፣ እንቁላል የተጠቀለለበትን ቂጣ፣ እየበላሁ ማሽኑ ሲታጠብ አየዋለሁ፤ ደስ ይለኛል። ከዚያ የራሴን መለኪያ አጥቤ እነክራለሁ። ስጨርስ ዛሬም እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠርሙሱ ነው። ሳቄ ይመጣና ፈሳሹን እደፋዋለሁ።