እናቴ ያናገረቻት ልጅ

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሮም በሐምሌ ሙቀት በምትቀቀልበት ሰሞን ነው። በዚያ ቀን ከባዱን ፈተና አለፍኩ። ሰው ፈተና ሲያልፍ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ምነው ወድቄ በነበር እላለሁ። እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ ለማንም ሳልናገር ኖሬአለሁ።

ሮም የመጣሁት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ልማር ነው። የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ አስካለ፣ እዚሁ ከተማ አንዲት አሮጊት ጣልያን እየተንከባከበች ትኖራለች። እናቴ አዳማ ከወንድሜ ከዮናስ ጋር ነበረች። የደሃ ልጅ ስለሆንኩ የትምህርት ድጎማና የዶርም አልጋ ተሰጥቶኛል። ግን በየዓመቱ የሚፈለገውን ያህል ፈተና ካላለፍኩ ሁለቱም ይቀራሉ። የመኖሪያ ፈቃዴም አይታደስም። በአጭሩ፣ ከወደቅኩ ሻንጣዬን መሸከም ነው።

መጀመሪያ ላይ መውደቅ ሥራዬ ሆኖ ነበር። ሂሳቡ አይከብደኝም፤ ጣልያንኛው ነው መሀል እየገባ የሚያደናግረኝ። አንድ ቀን ከፈተና ወጥቼ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ስነፋረቅ አንዲት አጭር ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ሳታስፈቅደኝ ወረቀቴን ከእጄ ወስዳ አየችው። «ይሄን እኮ ታውቂዋለሽ፤ የሚያስጠናሽ ሰው አጥተሽ ነው» አለችኝ። ሉሴሮ ነበረች።

ሉሴሮ የኢኳዶር ልጅ ናት፤ በትምህርት ሁለት ዓመት ትቀድመኛለች። እናቷ ሮም ሰው ቤት እያጸዳች ገንዘብ ስትልክ፣ እሷ አገሯ አያቷ ጋር ቀርታ እናቷን በስልክ ብቻ እያወቀች ነው ያደገችው። ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የማይሠራበትን ወጥ ቤቱን ሰጥቷት፣ እንደ እሷ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የሚማሩ የኢኳዶር፣ የፔሩና የቦሊቪያ ልጆችን ሰብስባ ታስጠና ነበር። አብዛኞቹ ከቤታቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያ ሰዎች ናቸው። ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። በስፓኒሽ ሲቀላለዱ ሳይገባኝ አብሬ እስቃለሁ።

ወጥ ቤቱ ሕግ ነበረው። የገባ ሁሉ ስልኩን ትልቁ የፓስታ ድስት ውስጥ ይጨምራል፤ ከዚያ ድስቱ ይከደናል። ክዳኑ የሚነሳው እናት ስትደውል ብቻ ነው። ይህንን ያወጣችው ሉሴሮ ናት። የእኔ እናት ስትደውል ጥግ ይዤ «እሺ እማዬ፣ እሺ» ስል ልጆቹ ይቀልዱብኛል። ሉሴሮም ከአማርኛ ያቺን አንድ ቃል፣ «እሺ»ን፣ ያዘች። ስትላት ግን ጉሮሮዋን እንደምትጠርግ ሰው ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ፈተናዎቼን ማለፍ ጀመርኩ። አንዱ ብቻ እምቢ አለኝ። የሐምሌው ለእሱ የመጨረሻ ዕድሌ ነበር።

ያኔ አላወቅኩም እንጂ፣ ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ዮናስ ለአክስቴ ደውሎ እናቴ ልቧ ደክሞ ሆስፒታል መግባቷን፣ ሐኪሞቹም ተስፋ መቁረጣቸውን ነግሯታል። እዚህ ላይ ልማዳችን ገባ። እኛ ፈተና ላይ ላለ ተማሪ ክፉ ወሬ አንነግርም። ሞት እንኳ ቢሆን ፈተናው እስኪያልቅ ይደበቃል፤ ከዚያ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በማለዳ መርዶውን ያረዳል። እንዲህ ያደረገ ይመሰገናል እንጂ አይወቀስም።

አክስቴ ምግብ ይዛ ስለምትመጣ ሉሴሮን ታውቃታለች። ደውላ ሁሉን ነገር ነገረቻትና የፈተናው ቀን ስልኬን ተቀብላ እንድትይዝ ለመነቻት። ሉሴሮ መጀመሪያ እምቢ አለች። እናቷ በሕይወት እያለች እንዴት አታናግራትም ብላ ተከራከረች። አክስቴ ግን «አንቺ ልጅ፣ ብንነግራት ፈተናዋ ይቀራል እንጂ እናቷ አትድንም። እናቷ ራሷ ናት አትንገሩብኝ ያለችው» አለቻት። በዚህ ጊዜ ሉሴሮ ተሸነፈች።

የፈተናው ቀን አብራኝ መጣች። ፈተናው የቃል ስለነበር ቦርሳዬንና ስልኬን ሰጥቻት ገባሁ። እንደ ወትሮዋ አረጋጋችኝ፤ በፊቷ ምንም ነገር አላሳየችኝም።

ስወጣ ከሠላሳ ሃያ ሰባት አግኝቼ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ አየኋት። የደስታ መስሎኝ ሮጬ አቀፍኳት። ትከሻዬ ላይ እንደሆነች፣

«እናትሽ ደውላ ነበር። አነሳሁት» አለችኝ።

«ምን አለችሽ?» አልኳት እየሳቅኩ።

«አልገባኝም። ብዙ አወራች። ስምሽን ጠራች። ልጅሽ አይደለሁም ልላት ፈልጌ ነበር፤ ድምጿ ግን በጣም ደካማ ነው፣ ባቋርጣት መልሳ የምትጀምርበት አቅም ያላት አልመሰለኝም። እሺ ብቻ አልኳት።»

ከዚያ የእናቴን መታመምና የቀረውን ሁሉ ነገረችኝ። ስልኩ መጀመሪያ ሲጠራ ትታው ነበር። ሁለተኛ ሲጠራ የእናቴን ፎቶ እያየች መቻል አቃታት።

ወዲያው ደወልኩ። ዮናስ አነሳው። «ጎሽ እህቴ» አለኝ። እናቴ ጠዋት ሐሳቧን ቀይራ፣ ታምሜአለሁ አልላትም፣ ድምጿን ብቻ ልስማ ብላ ስትለምነው ደውሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጎላት ነበር። «ካወራችሁ በኋላ ልቧ እርፍ አለላት። ይኸው ተኝታለች» አለኝ። ቀስቅሳት አልኩት። መድኃኒት ወስዳለች፣ ስትነቃ እደውልልሻለሁ አለኝ።

አልነቃችም። ማታ ደጋግሜ ስደውል ስልኩ አይነሳም። በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ የዶርሙ ዘበኛ ሰው ይፈልግሻል ብሎ ጠራኝ። አክስቴ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ፣ ሁለት ሴቶች አስከትላ በሩ ላይ ቆማ ሳያት ማንም አፉን መክፈት አላስፈለገውም።

አክስቴን ተቀየምኩ ማለት አልችልም። እሷም እህቷን ሳትቀብር ነው የቀረችው፤ ያደረገችው ሁሉ ለእኔ ብላ ነው። ሉሴሮ ላይ ግን ጨከንኩባት። በጋውን ሙሉ አላናገርኳትም። ሰዎች ስልኩን ስለደበቀች ነው ይሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቀንቼባት ነው። የእናቴ የመጨረሻ ወሬ እሷ ጆሮ ውስጥ ነው ያለው፤ እሷ ደግሞ አታውቀውም።

መኸር ሲገባ ዶርሜ ድረስ መጣች። እናቴ ያለችውን በቃሏ ልትይዝልኝ ሞክራ እንደነበር ያኔ ነገረችኝ። ፈተና ላይ ሳለሁ ኮሪደሩ ላይ እየተመላለሰች ድምፁን እንደ ዳዊት ስትደግመው ቆይታ፣ በሩ ተከፍቶ እኔን ስታይ ሁሉም ጠፋባት። ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ መጨከን አልቻልኩም። ዛሬ እሷ ተመርቃ ሥራ ይዛለች፤ ወጥ ቤት ገብተው የሚንገዳገዱትን አዳዲስ ልጆች የማስጠናው እኔ ነኝ። የእናት ስልክ ሲጠራ ግን ወደ ውጭ እወጣለሁ።

ዮናስ ያናገረቻት እኔን እንደሆነ ያምናል። አዳማ ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ልጇን ተሰናብታ ነው የሄደች» እያለ አጽናንቶታል። ይህን እንዴት እነጥቀዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ባለፈው ወር የሙት ዓመቷ ዕለት ደወለልኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ እያልኩ ሁለት ዓመት ቆየሁ» አለኝ። «ያን ቀን ብቻችሁን እንድታወሩ ብዬ ከክፍሉ ወጥቼ ነበር። በሩ ላይ ሆኜ ስትስቅ ሰማኋት። ከታመመች ወዲህ ስቃ አታውቅም። ምን ብለሽ ነው ያሳቅሻት?»

የሉሴሮ እሺ አስቃት ይሆን? ወይስ ልጇ አለመሆኗን አውቃ ነው፣ እያወቀችም ማውራቷን ያልተወችው? ማንም ሊነግረኝ አይችልም። እናቴ መሳቋን መስማቴ ደስ ሊለኝ ሲገባ አንጀቴን ነው የቆረጠው። የሚበላኝ ሞቷ አይደለም፤ እሱስ አይቀርም ነበር። ያን ሳቅ የሰማሁት እኔ አለመሆኔ ነው።

«እሺ አልኳት» አልኩት።

እሱ አዳማ፣ እኔ ሮም ሆነን ተላቀስን። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በስልክ ልነግረው ብዬ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አንደበቴ አልታዘዝ አለ። ለዚህ ነው የጻፍኩት። ዮናስዬ፣ ይህን ካነበብከው፣ እማዬን ያሳቀቻት ሉሴሮ ናት። እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ።