ለቀብር የተጻፈው የሕይወት ታሪክ

እስራኤል ውስጥ አፉላ ኢሊት በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ፣ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ በብርዱ ወራት አረፉ። በቀብራቸው ዕለት ሴት ልጃቸው የአባቷን የሕይወት ታሪክ በአማርኛ ጽፋ አነበበች። ብዙ ቀብር ሄጃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። ከጎንደር በእግር ተነሥተው ሱዳን መግባታቸውን፣ መጠለያው ውስጥ በሽታ ሲገባ ከታናሽ እህታቸው መለያየታቸውን፣ እሷም እዚያው መቅረቷን ስታነብ፣ ጭቃው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ተጠጋ። ጽሑፉ በኋላ የሰፈራችን ሰዎች የሚያነቧት አንዲት ትንሽ የአማርኛ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

እኔ ያኔ የምሠራው በሰፈሩ መትናስ ነበር፤ ሰው ለትምህርትና ለስብሰባ የሚመጣበት ቤት ነው። እኔ የኮምፒውተሩን ክፍል ነበር የምይዘው። ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ዘመድ የሚያፈላልጉ ሰዎች የሙታንን ታሪክ የሚያወጡበትን አንድ የኢንተርኔት ገጽ እከፍታለሁ። ያንን ጽሑፍ እዚያ ላወጣው ፈልጌ ለገጹ ኃላፊ ጻፍኩላት።

መልሷ ቶሎ መጣ። «የጻፈችው ሴት ካልፈቀደች አይሆንም። የሟች ስም፣ የአባቱ ስም፣ የተወለደበት አገር የማንም ንብረት አይደለም። አጻጻፉ ግን የጸሐፊዋ ነው፤ ጋዜጣ ላይ ስለወጣ የሁሉም አይሆንም።»

ገረመኝ። እኛ ዘንድ አንዷ አልቃሽ ያወረደችውን ሙሾ ሌላዋ ተቀብላ ትለዋለች፤ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቢሆንም ወርጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ልጃቸው ከሥራ ገና መግባቷ ነበር። ነገሩን ነገርኳት።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝ» አለች። «እሱን የጻፍኩት አባቴን ለሚያውቁ ሰዎች ነው። እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት። የማላውቀው ሰው እንዲያነበው ልቤ እሺ አላለኝም።»

«የዘር ሐረጋቸውንና አገራቸውን ብቻ በራሴ ቃል ብጽፍስ?»

«እሱማ የእኔ አይደለም፤ የዘመድ ሁሉ ነው። ጻፊው።»

ጻፍኩ። ስማቸውን፣ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም፣ መንደራቸውን፣ ሱዳን ያረፉበትን መጠለያ። ደረቅ ያለች፣ ምንም ለዛ የሌላት ጽሑፍ ነበረች።

ብዙም ሳይቆይ ከጽሑፉ ግርጌ ባኖርኩት ቁጥር፣ በደቡብ ካለችው ከቤርሼባ ከተማ ስልክ ተደወለ። ደዋይዋ ልጅ እግር ናት፣ በዕብራይስጥ ነው የምታወራው። የአያቷን አባት ስም ፈልጋ ያችን ጽሑፌን አግኝታለች። «አያቴ ወንድሜ ነው እያለች ታለቅሳለች» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ወደ ታች ቤት ሮጥኩና ለልጃቸው ሰጠኋት።

የአሮጊቷ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። «ልጄ፣ አባትሽ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው?»

«አዎ፣ ነበረው።»

«እኔ ነኝ በድንጋይ የፈነከትኩት! በፍየል ስንጣላ!»

ልጃቸው ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። አባቷ ስለዚያ ጠባሳ ሲጠየቁ፣ «የእህቴ ማስታወሻ ነው» ነበር የሚሉት። አሮጊቷም ወንድሟ መጠለያው ውስጥ እንደሞተ ተነግሯት ስታለቅስለት ኖራለች። ሁለቱም እዚህች ጠባብ አገር ገብተው፣ በአንድ ቀን አውቶቡስ ደርሶ መመለስ በሚቻልበት ርቀት ልጅ አሳድገው፣ ልጅ ድረው፣ አንዱ ሌላውን ሞቷል ብሎ አርጅተዋል።

ልጃቸውና ቤተሰቧ አሮጊቷን ሊቀበሉ ወደ ማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድኩ። ቦርሳቸውን ባነገቡ ወታደሮች መካከል አንዲት ቀጭን አሮጊት የልጅ ልጇን ክንድ ይዛ ወረደች። አረማመዷን ሳይ አፌን ያዝኩ፤ ሟቹ ጎረቤቴ ነጠላ ለብሰው የመጡ ነበር የመሰለኝ። ልጃቸው እግሯ ላይ ወደቀች። መንገደኛው እየዞረ አያቸው።

ቤት ገብተን ልቅሶው ጋብ ሲል አሮጊቷ፣ «በቀብሩ ዕለት አነበብሽ ያሉኝን አሰሚኝ» አለች። ልጃቸው ወረቀቱን አውጥታ አነበበችላት። አክስቷ ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ፣ ንባቡ «ታናሽ እህቱ» የሚለው ላይ ሲደርስ ብድግ አለች።

«ማን ታናሽ? ታላቋ እኔ ነኝ! አዝዬ ነው ያሳደግኩት!»

ቤቱ ሁሉ እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። ልጃቸው እዚያው ቃሉን ሰርዛ «ታላቅ» ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ለእኔ ዘረጋችልኝ። «አሁን አውጪው። እንዲህ ተስተካክሎ፣ በስሜ ይውጣ።»

በማግስቱ ወደ መቃብሩ ወሰድናት። ድንጋዩ ላይ በዕብራይስጥ የተቀረጸውን ማንበብ አትችልም፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ሙሾ ታወርዳለች ብለን ስንጠብቅ፣ ጎንበስ ብላ እንቅልፍ የወሰደውን ልጅ እንደምትቀሰቅስ ሁሉ በለሆሳስ፣ «አንተ ልጅ፣ መጣሁ እኮ» አለችው።

ከዚያ ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጠች። ማንኛችንም እንሂድ አላልናትም።