ሚጣና የእትዬ ጥሩነሽ ድንጋይ

ወረታ እንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩት መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት አልፎ ነው። የመጀመሪያው ቀን አለቃዬ መርፌ አላስያዙኝም። ከብት ማቆሚያው አጥር ውስጥ አንድ የፎገራ በሬ ይወራጫል። "አጠገቡ ዝም ብለህ ቁም፤ ባዶ እጅህን ይየው" አሉኝ። ግማሽ ቀን ቆምኩ። ለዚህ ነው እንዴ የተማርኩት ብዬ በጣም ተናደድኩ።

ማዕረጌ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው። ገበሬው ግን ዶክተር ይለኛል፤ ማረም ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። ሥራዬ ከብት ነበር። ውሻ የማየው ለእብደት በሽታ ክትባት ብቻ ነው።

ባጃጅ ወረታ ውስጥ መታየት በጀመረበት ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ሶስና የምትባል አስተማሪ ድመት የምታክል ውሻ ታቅፋ መጣች።

"ለክትባት ነው?" አልኳት።

"ለጠባይ ነው ዶክተር።"

ሳቄ መጣ። እሷ ግን ልታለቅስ ደርሳለች።

ውሻዋ ሚጣ ሰው ትወዳለች። የማታውቀው ውሻ ካየች ግን ገመዱን እየጎተተች ትጮኻለች፤ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ታስነሳለች። የሶስና አከራይ እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ ሌባ ስለበዛ፣ ከፋሲካ በኋላ ወንድማቸው ከገጠር ትልቅ ውሻ ሊያመጣላቸው ነው። "ከተስማሙ እሰየው፤ ካልተስማሙ ወይ ውሻሽን ስጪ፣ ወይ ቤቱን ልቀቂ" ብለዋታል።

"ለሰው አልሰጣትም" አለችኝ። "እዚህ አገር ሥራ ውዬ ስገባ ደስ የሚላት እሷ ብቻ ናት።"

ክትባቷን እንኳ ልስጣት ብዬ ሳዘጋጅ የመርፌው ክዳን ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል የሚጣ ጠጉር ቆመ፤ እኔን ሳይሆን በሩን እያየች ጮኸች። በሩ ላይ ምንም የለም። ደግሜ ጎንበስ አልኩ። አሁንም በሩን እያየች ጮኸች።

"መንገድ ላይ ውሻ ሲመጣባችሁ ምን ታደርጊያለሽ?" አልኳት።

"ምን አደርጋለሁ፣ እንደ ሰው ሁሉ ድንጋይ አነሳለሁ።"

እኛ አገር ውሻ ሲመጣ ጎንበስ የማይል ማን አለ? እኔም እላለሁ። ሚጣ ግን ጎንበስ ማለት ጠላት መጣ ማለት ነው ብላ ተምራለች።

ሶስናን ድንጋይ ማንሳት ከለከልኳት። ከሥራ ስንወጣ ከከተማው ዳር፣ ሩዝ ማሳው አጠገብ መገናኘት ጀመርን። ውሻ ከሩቅ ሲታይ ሚጣ ገና ሳትጮህ እንቆማለን፤ ገመዱን እናላላለን፤ ወደ ሶስና ዞር ስትል ቁራሽ ትጎርሳለች። ከጮኸች ተጠግተናል ማለት ነው፤ ሳንቆጣ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ሁዳዴ ስለነበር ሥጋ ቤት ዝግ ነው፤ የምንሰጣት የሩዝ ዳቦ ነበር። አላፊ አግዳሚው "ዶክተር፣ ውሻም ታስጾማላችሁ?" እያለ ይስቅብናል። ሰው ሲስቅብኝ ደሜ ይፈላል፤ ቢሆንም መሄዴን አልተውኩም። ርቀቱም እያደር ጠበበ።

ከፋሲካ በኋላ ሶስና ቤቷ አስጠራችኝ። መቻል የሚሉት ውሻ መጥቷል፤ ጥጃ ያክላል። የእትዬ ጥሩነሽ ወንድም በገመድ ይዞት ደጅ ቆሟል። ፊት ለፊት እንዳያመጣው፣ በጎን በኩል ዞር አድርጎ እንዲያስገባው ነገርኩት።

ሚጣ ስታየው ጠጉሯ ቆመ። ይኼኔ እትዬ ጥሩነሽ ሳይታወቃቸው ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሱ። በቃ፣ ልፋታችን ገደል ገባ አልኩ። ሶስና ግን ቀጥ ብላ ቆመች፤ ገመዱን አላላች። ሚጣ ድንጋዩን አየች፤ መቻልን አየች፤ ከዚያ ዞር ብላ የሶስናን እጅ አየች። ዳቦዋን ጎረሰች።

መቻል መጥቶ ጎኗን አሸተታት፤ እሷም አሸተተችው። ከዚያ ሄዶ የግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ተኛ። ሶስና አፏን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። እኔም ደስ አለኝ፤ በሬ ሳድን እንኳ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"ይኼን ድንጋይ ታዲያ ምን ላድርገው?" አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

"ሳይጎነበሱ አጥሩ ላይ ያስቀምጡት" አልኳቸው።

አስቀመጡት። ሶስናም ቤቱን አልለቀቀችም።

እኔም አለቃ ስሆን አዲስ ሠራተኛ ሲመጣልኝ በመጀመሪያው ቀን ከበሬ አጠገብ ባዶ እጁን አቆመው ነበር። ብዙዎቹ ተናደውብኛል። "እንስሳ ሲያስቸግራችሁ፣ አስቀድማችሁ የሰዎቹን እጅ እዩ" እላቸው ነበር።