ክርን የምታነበው ሐኪም

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ የየካዋ ጦር ወርዋሪ ቢፍቱ ክርኗን ተጎድታ፣ የኤምአርአይ ምስሏን ይዛ ጉርድ ሾላ ወዳለ ሆስፒታል ሄደች። የተቀበለቻት ሐኪም ሹራቧ የነተበ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ነበረች። ምስሉን ከጤነኛ ክርን ምስል ጎን ሰቅላ፣ ጅማቱን በእስክሪብቶ ክዳን እየተከተለች ደጋግማ አየችው።

«ተበጥሷል እንዴ፣ ዶክተር?» አለች ቢፍቱ።

«የኔ እህት፣ ምስል ማንበብ ገና እየተማርኩ ነው። ሳላረጋግጥ አልነግርሽም።»

ያየችውን ምስል ማንበብ ለሚያስተምሯት ሐኪም አሳየች፤ እሳቸውም ተስማሙ።

«ትንሽ ተሰንጥቋል እንጂ አልተበጠሰም። ካረፍሽ ትወረውሪያለሽ» አለቻት ተመልሳ።

የቢፍቱ እንባ መጣ። ምስሉን ስትቀበል የሐኪሟ ክንድ በደንብ እንደማይዘረጋ አየች።

«እርስዎስ ምን ሆነው ነው?»

«እኔም እንዳንቺ ስፖርተኛ ነበርኩ፤ ቮሊቦል ስጫወት ክርኔን ተጎዳሁ» አለች ሐኪሟ ፈገግ ብላ፤ «ያኔ ግን እንዲህ ውስጡን የሚያይልኝ አልነበረም።»