ኤልስፔት የገፋችው ድንጋይ

በስኮትላንዷ ፎርፋር ከተማ ውስጥ ቤት የገዛም፣ የሸጠም፣ ኑዛዜ ያጻፈም ሰው ኤልስፔት ላሞንድን ያውቃታል። አርባ ዓመት ሙሉ የጥብቅና ቢሯችንን እንግዳ የተቀበለችው እሷ ናት። እኔ ተለማማጅ ሆኜ ስገባ፣ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ "ማፏጨት ትወዳለህ እንዴ?" አለችኝ።

"አልወድም።"

"ጎሽ። የዚህን ቤት ጣጣ ሁሉ ያመጣው ፉጨት ነው።"

ወሬውን ከእሷም፣ ከባሏም፣ ነገሩ በለየለት ቀን ሐይቁ ዳር ቆመው ካዩትም ሰምቻለሁ።

መጀመሪያ የነበረው የጌላትሊ ቢሮ ብቻ ነው። በአያቶቻችን ዘመን ሽማግሌው ጌላትሊ፣ ኢምሪ የሚባለውን ተለማማጃቸውን "ይሄ ቢሮ ነው ወይስ የወፍ ጎጆ? ፉጨትህን አቁም" አሉት። ኢምሪ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት፣ የራሱን ቢሮ ከፈተ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ቤቶች ሦስት ትውልድ ሙሉ ተፋጠጡ። አንዱ በሩን ቀለም ሲቀባ ሌላውም በሳምንቱ ይቀባል። መንገድ ተሻግሮ የሚሰጠውን ደብዳቤ እንኳ በፖስታ ቤት ነበር የሚላላኩት።

ኤልስፔት የበግ አርቢ ልጅ ናት። ትምህርቷን እንደጨረሰች ለጌላትሊ የልጅ ልጅ ታይፒስት ሆና ተቀጠረች። በማዶው መስኮት የኢምሪ የልጅ ልጅ ጸሐፊ ዋቲ ኪድ ይቀመጣል፤ ጆሮው ትልልቅ፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ በመስኮት ሰላም ይላታል። እሷም አለቃዋ ዞር ሲሉ ጠብቃ በእጇ አጸፋውን ትመልሳለች።

ሁለቱ አለቆች አረጁ፤ ተተኪ ደግሞ አልነበራቸውም። የአቶ ጌላትሊ አንድ ልጅ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ካናዳ ቀረ፣ አቶ ኢምሪም አላገቡ። ስለዚህ ቢሮዎቹን አንድ ለማድረግ ተስማሙ። ክፍሉንም፣ ወንበሩንም፣ ሠራተኛውንም ያለ ጠብ ተከፋፈሉ። የቀረው በበሩ ላይ በሚለጠፈው የነሐስ ሰሌዳ የማን ስም ይቅደም የሚለው ብቻ ነበር።

"ቀድመን የነበርነው እኛ ነን" አሉ አቶ ጌላትሊ።

"መቅደሙንማ ቀድማችኋል፤ ሰዉ ግን ሸሽቶ ወደ እኛ መጣ" አሉ አቶ ኢምሪ።

ሲያስታርቁ የከረሙት ቄስ በመጨረሻ መረራቸው። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1963 መባቻ ነው፤ ብርዱ በጎችን በቁማቸው የቀበረበት፣ የከተማው ሐይቅም ትራክተር እስኪሸከም ድረስ የጠጠረበት። "ሁለታችሁም ከርሊንግ እችላለሁ ባይ ናችሁ" አሉ ቄሱ፤ "ሐይቁ ይኸው። ያሸነፈ ስሙ ይቅደም፣ እኔንም ተዉኝ።"

ጨዋታው ከባድ ድንጋይ በበረዶ ላይ አንሸራትቶ ወደተሰመረ ክብ መስደድ ነው፤ ድንጋዩ ለክቡ እምብርት የቀረበለት ወገን ይረታል። በየወገኑ አራት ሰው ያስፈልጋል። የጌላትሊ አራተኛ ሰው ሪህ ይዞት ተኛ።

"ኤልስፔት፣ ድንጋይ ገፍተሽ ታውቂያለሽ?"

"ከወንድሞቼ ጋር እገፋ ነበር፣ አቶ ጌላትሊ።"

"በቃ፣ ነገ የወንድምሽን ሱሪ ልበሺ።"

በማግስቱ ከተማው ሁሉ ሐይቁ ላይ ፈሰሰ። ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ሥጋና ሽንኩርት የተሞላ ትኩስ ብራይዲ በሸርተቴ ጎትቶ መጣ። ዋቲ ለኢምሪ ወገን መጥረጊያ ይዞ ድንጋዩ እንዲንሸራተት በረዶውን ይጠርጋል፤ ኤልስፔትን ባየ ቁጥር "ሱሪው የማን ነው? ሁለት ሰው ይይዛል እኮ" ይላታል።

"አንተ ጆሮህን ሸፍን፣ ነፋስ ይወስድሃል።"

እስከ ማምሻው እኩል ለእኩል ተያያዙ። የመጨረሻው ድንጋይ የኤልስፔት ሆነ። የአቶ ጌላትሊ ድንጋይ እምብርቱ ላይ ጉብ ብሏል፤ የአቶ ኢምሪ ከእሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሟል። እሷ ምንም ባታደርግ ድሉ የጌላትሊ ወገን ነው።

"ልጄ" አሉ አለቃዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ወደ ጎን ልቀቂው። ምንም እንዳትነኪ።"

ኤልስፔት ተንበርክካ ድንጋዩን ስትገፋ፣ ዋቲ ከወዲያ ማዶ ባርኔጣውን ከፍ አደረገ። ድንጋዩ ወደ ጎን አልሄደም። ቀጥ ብሎ ሄዶ የገዛ አለቃዋን ድንጋይ ገጭቶ ከክቡ አስወጣና ራሱም ተከትሎት ወጣ። የቀረው የኢምሪ ድንጋይ ነው።

አቶ ጌላትሊ በረዶው ላይ ቁጭ አሉ። ኤልስፔት የሚያለቅሱ መስሏት ሮጣ ስትደርስ፣ ሽማግሌው እየሳቁ ነው።

"ያንን ድንጋይ ለማውጣት አራት ወንድ ሲታገል ዋለ" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "አንቺ በአንድ ምት! ነይ፣ አንሺኝ።"

በደገፈቻቸው ጊዜ አቶ ኢምሪ በሌላው ክንዳቸው መጥተው ያዟቸው፤ ሦስቱም ተደጋግፈው ወደ ዳር ወጡ። ቄሱ ዊስኪ ቀዱላቸው።

በጸደይ "ኢምሪና ጌላትሊ" የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። አቶ ጌላትሊ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርሽ፣ ሰላይዋ?" ይሏት ነበር። ዋቲና ኤልስፔት አሁን ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ሆነ፤ በዓመቱ ተጋቡ። በሠርጋቸው ሁለቱ ሽማግሌዎች እኔ ልደንስ፣ እኔ ልደንስ እያሉ ሙሽራይቱን ሲሻሟት አመሹ።

እሷ ጡረታ በወጣችበት ቀን ሁላችንም ማወቅ የምንፈልገውን እኔ ጠየቅኋት። "ሆን ብለሽ ነው ወይስ ስተሽ?"

"አንተ ጠበቃ አይደለህም? ሰው በራሱ ላይ አይመሰክርም" ብላ ለዋቲ ኬክ ቆረሰችለት።

አሁን ዋቲ ጓሮው ውስጥ ባሮ ሽንኩርት ይተክላል፤ የሚያድጉለት ግን ሲያዩዋቸው የሚያስቁ ቀጫጭኖች ናቸው። እሷ ረቡዕ ረቡዕ ለትንንሽ ልጆች ከርሊንግ ታስተምራለች። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ አንዷን ሕፃን ከበረዶ ላይ አንሥታ ጉልበቷን እያራገፈችላት ነበር። "ደግመሽ ግፊው" ትላታለች።