በአባቴ ቋንቋ የሚጀመረው ጣቢያ

የምሠራበት የሕዝብ ቴሌቪዥን አዳዲስ የዲጂታል ጣቢያዎች ሊከፍት እንደሆነ በዝርዝር የሰማነው ቦሌ አካባቢ በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ነው። አለቃችን ስክሪኑ ፊት ቆሞ ያስረዳል። ከዚህ በፊት አንድ ሞገድ የሚሸከመው አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር፤ በዲጂታሉ ግን እዚያው ላይ ብዙ ጣቢያ መጫን ይቻላል። የልጆች፣ የትምህርት፣ መስማት ለተሳናቸው በምልክት ቋንቋ የሚተላለፍ፣ ደግሞም እስካሁን አጭር ዜና ብቻ ለነበራቸው ቋንቋዎች የየራሳቸው ጣቢያ። ተመልካቹ የሚያስፈልገው ሪሲቨርና አንቴና ብቻ ነው። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ስሜ እስኪነሳ ድረስ።

"ስልጥኛውን ማን ይይዝልናል?" ሲል ጠየቀ።

ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

"እንዴ፣ አንቺ እያለሽ ምን አስጨነቀን። የአያትሽ ስም እኮ ራሱ ይናገራል።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። እኔ ሌሎች የሚያነቡትን ስጽፍ የኖርኩ አዘጋጅ ነኝ፤ ካሜራ ፊት ቁሚ ያለኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። "ትችያለሽ አይደል?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ጭብጨባው ሲያበቃ "አልችልም" የሚባልበት ጊዜ አልፎ ነበር።

እናትና አባቴ ስልጤዎች ናቸው። እኔ ግን ተወልጄ ያደግኩት ቦሌ ሚካኤል ነው። ቤት ውስጥ አንዳንዴ በስልጥኛ ስጠራ በአማርኛ "አቤት" ስል ነው የኖርኩት። ሲያወሩ ግማሹን እሰማለሁ፤ እሰማለሁ ብዬ አስብ ነበር ማለት ይሻላል። አፌ ላይ ግን ከጥቂት ቃላት በቀር ምንም የለም።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። ሱቁ ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ በብየዳ ቤትና በልብስ ሰፊ መካከል ነው፤ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍና ፔርሙስ ይሸጣል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከሱቁ ውጭ ብዙም መሄጃ የለውም።

"አባዬ፣ በስልጥኛ ጣቢያ ሊከፈት ነው። እኔን አቅራቢ አድርገውኛል" አልኩት።

ሲያጥፍ የነበረውን ብርድ ልብስ አስቀመጠ። ወደ ደጅ ወጥቶ ልብስ ሰፊውን ጠራው። "ልጄ በኛ ቋንቋ ቴሌቪዥን ላይ ልትወጣ ነው" አለው። ልብስ ሰፊው በከንፈሩ የያዘውን መርፌ አውጥቶ እጄን ጨበጠኝ። የብየዳ ቤቱ ባለቤት ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። አባቴ ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ ያወራል። ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር፤ አባቴ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው አይደለም።

ሰዎቹ ሲሄዱ ግን ወደ እኔ ጠጋ አለና ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

"ትችያለሽ እንዴ?"

"አንተ ታስተምረኛለህ ብዬ ነው።"

ትንሽ አየኝና "እሺ፣ እንሞክራለን" አለ። ወደ ብርድ ልብሱ ተመለሰ። ሌላ ነገር ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

የምኖረው ከባለቤቴ ጋር ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ከአባቴ ሱቅ ሩቅ ስለሆነ ትምህርቱን በስልክ አደረግነው። የፕሮግራሙን ጽሑፍ በአማርኛ አነብለታለሁ፤ እሱ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት በስልጥኛ እየመለሰ፣ ቃል በቃል እየለየ፣ በድምፅ ይልክልኛል። እኔ ሚኒባስ ውስጥ በማዳመጫ እየሰማሁ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። መቼም መኪና ከምይዝበት ከኢምፔሪያል እስከ አራብሳ ባለው መንገድ ብዙ ነገር ማጥናት ይቻላል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ማዳመጫው ከስልኬ ተነቀለና የአባቴ ድምፅ መኪናውን ሞላው። "ውድ ተመልካቾቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ" እያለ ነው፣ በስልጥኛ። ቶሎ አጠፋሁት። አጠገቤ ሻሽ ያሰሩ እናት ተቀምጠው ነበር፤ ፊታቸው በራ። ክንዴን ያዝ አድርገው ያወሩኝ ጀመር። ረጅም ነው፣ ፈጣን ነው፣ መጨረሻው ላይ ጥያቄ አለው። ከመካከሉ "ልጅ" እና "አገር" የሚሉትን ብቻ ለየሁ። ሴትየዋ መልስ ይጠብቃሉ። ፈገግ ብዬ "እሺ" አልኳቸው። ግራ ተጋብተው ጥያቄውን ደገሙልኝ፣ አሁን ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነገረው። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። "ወራጅ አለ" ብዬ ጎሮ ላይ ወረድኩ። መውረጃዬ አልነበረም። አቧራው ውስጥ ቆሜ ሌላ መኪና ስጠብቅ፣ በአማርኛ "አልችልም እማማ" ማለት ምን ያህል ቀላል እንደነበር አሰብኩ። ለምን እንዳላልኩ ግን አላውቅም።

የሙከራ ቀረጻው ቀን ደረሰ። ጣቢያው ከመከፈቱ በፊት አስተያየት እንዲሰጡ ከስልጤ ማኅበረሰብ ጥቂት አባቶችና እናቶች ተጋብዘዋል፤ ካሜራዎቹ ጀርባ በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። አባቴም ሱቁን ዘግቶ መጣ። ለበዓል ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ ኮፊያውን አድርጎ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ያሉትን ሰዎች እጅ ሲነሳ አየሁት። ወደ እኔ እየጠቆመ የሆነ ነገር ነገራቸው።

መክፈቻውን አነበብኩ። ፊደሉ ፊት ለፊቴ ባለው ስክሪን ይሄዳል፤ የአባቴን አነጋገር ስለያዝኩት አላደናቀፈኝም። ሰዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡኛል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አብሮኝ ያንቀሳቅሳል። እንዲያው ለጥቂት ጊዜ ቋንቋውን የማውቀው መሰለኝ።

ከዚያ እንግዳ ነበረኝ፤ ስለ አካባቢው ታሪክ የሚያወሩ አንድ ሽማግሌ። ከስቱዲዮው ጥግ ሲመጡ የማነብበት ስክሪን ጠፋ። ዳይሬክተሩ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ በጆሮ ማዳመጫዬ "የሆነ ነገር በያቸው፣ አስቀምጫቸው፣ አሁን እናስተካክላለን" አለኝ። ሽማግሌው ወንበሩ አጠገብ ቆመው ይጠብቁኛል። አፌን ከፈትኩ፤ የመጣልኝን ተናገርኩ።

ያልኳቸው "ነይ፣ ቁጭ በይ" ነው።

እንደ አማርኛው ሁሉ በስልጥኛም ለታላቅ የሚነገርበት የአክብሮት አነጋገር አለ። እኔ ግን ለታላቅ ተናግሬበት አላውቅም። ያለኝ ቃል እናቴ ለኔ ትለው የነበረው ብቻ ነው፤ ነይ፣ ብይ፣ ቁጭ በይ፣ በሩን ዝጊ። የማውቀው ስልጥኛ በሙሉ ለትንሽ ሴት ልጅ የሚነገር ስልጥኛ ነበር። ያንን አንስቼ ነጭ ጢም ላላቸው ሰው ሰጠኋቸው።

ከዚያ ከወንበሮቹ ሳቅ ተነሳ። አንዲት እናት ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። የታዘዘች ልጅ እንደምትቀመጥ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡና አጠር ያለ ነገር መለሱልኝ። ሳቁ ባሰ። እንደ ልጅ "እሺ፣ እማዬ" ያሉኝ ለማጽናናት ብለው እንደሆነ በኋላ ገባኝ። ያን ጊዜ ግን ያሉትን እንኳ አልሰማሁም። ሌላ ነገር ሲጠይቁኝ የሸመደድኩትን "ውድ ተመልካቾቻችን፣ እናመሰግናለን" አልኳቸው።

አባቴን ፈለግሁት። አቀርቅሮ ኮፊያውን እያስተካከለ ነበር። ያስተካክለዋል፣ እንደገና ያስተካክለዋል።

ከቀረጻው በኋላ የሆነው ግን ከዚያ የባሰ ነው። አለቃዬ እየሳቀ መጣ። "በጣም ነው የወደዱሽ፤ እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም" አለኝ። ስልጥኛ አይሰማም፤ መቆጣጠሪያ ክፍል ካሉት አንድም የሚሰማ አልነበረም። እንግዶቹን ሰብስቦ በአማርኛ አስተያየት ጠየቃቸው።

"አቅራቢያችንስ እንዴት ናት?"

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሲስቁ የነበሩት እናት ወለሉን አዩ። እንደ ትንሽ ልጅ ቁጭ በይ ያልኳቸው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጃችን ናት" አሉ። "እያደር ትጎብዛለች።"

ሌሎቹም "አዎ፣ ልጃችን ናት" አሉ። አንድም ያጋለጠኝ ሰው የለም። ሲስቁብኝ ጆሮዬ ነበር የጋለው፤ ሲሸፍኑልኝ ግን ከዚያ ክፍል የምጠፋበት ቀዳዳ ፈለግሁ። አለቃዬ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ "ለምረቃው ፖስተር ፎቶሽን እናወጣለን" አለኝ።

ከአባቴ ጋር ታክሲ ይዘን ወደ ቦሌ ሚካኤል ሄድን። መንገዱን ሙሉ ኮፊያውን ጭኑ ላይ ይዞ ተቀመጠ። ሱቁን ከፍቶ መብራቱን ካበራ በኋላ ኮቱን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።

"አሳፈርኩህ" አልኩት።

"እኔን ነው ያዩት" አለ። "አንቺ ስትሳሳቺ ሰዎቹ ዞረው ያዩት እኔን ነው። ልክም ናቸው።"

"አንተ ምን አደረግህ?"

ከምንጣፎቹ ጥቅል አንዱ ላይ ተቀመጠ።

"ሱቁን እንደከፈትን ሰሞን እኔና እናትሽ ደንበኛ ፊት በቋንቋችን ስናወራ 'ምን እየተማከራችሁብን ነው?' ይሉን ነበር። አነጋገራችንን እያስመሰለ የሚስቅም ነበር። ስትወለጂ ልጄ ላይ አይስቁባትም አልኩ። እናትሽን በአማርኛ ብቻ አናግሪያት አልኳት። እሷም እሺ አለች። ግን ስትደክም ወይ ስትቸኩል ትረሳዋለች። ያን ጊዜ ነው 'ነይ፣ ቁጭ በይ' የምትልሽ።" የምንጣፉን ዘርፍ ነካ ነካ አድርጎ "አንቺም ረስታ የተናገረችሽን ብቻ ነው የያዝሽው" አለ።

አባቴ ሲያፍር አይቼው አላውቅም ነበር። በሱ ፊት ማፈር እችላለሁ፤ እሱ በኔ ፊት ሲያፍር ማየት ግን አልቻልኩም። ተነስቼ የማያስፈልገውን ብርድ ልብስ ማጠፍ ጀመርኩ፤ እሱም ተነስቶ ጫፉን ያዘልኝ።

በማግሥቱ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ።

"ስልጥኛ አልችልም" አልኩት። "ትናንት የሳቁት ሽማግሌውን እንደ ሕፃን ልጅ ስላናገርኳቸው ነው።"

መጀመሪያ የምቀልድ መሰለው። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው ወንበሩን ወደ ኋላ አደረገ።

"እነሱ ወደውሽ ሄዱ። የሚጻፈውን ካነበብሽ ማን ያውቃል?"

"ያንን ጣቢያ ከፍቶ የሚያይ ሰው ሁሉ ያውቃል።"

"ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?"

ፊቴ ሲቀላ ተሰማኝ፣ ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መለሰና "እሺ፣ የሚችል ሰው ፈልጊልኝ" አለኝ። አልጮኸብኝም። ከዚያ በኋላ ግን ስብሰባ ላይ አንድ ነገር እችላለሁ ስል "እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ ይጠይቀኛል፤ የሚጠይቀው እኔን ብቻ ነው።

የሚችል ሰው ለማግኘት እኚያው ሽማግሌ ጋ ደወልኩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር አቋረጡኝ። "ተይው፣ ልጅ ሆኜ እናቴ ከተናገረችኝ ወዲህ እንዲህ ያዘዘኝ የለም" አሉ፤ አሁን እሳቸውም ሳቁ። ወራቤ ያደገች አንዲት ወጣት መምህርት ጠቆሙኝ። መጣች፣ ተፈተነች፣ ጎበዝ ሆነች። ፖስተሩ ላይ ያለው የሷ ፎቶ ነው።

ጣቢያው አሁን በሙከራ ሥርጭት ላይ ነው፤ ምረቃው ተራዝሟል። እኔ የፕሮግራም ሰዓት አስተካክላለሁ። መቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጬ በማዳመጫ እሰማታለሁ፤ ከወር ወር የምለየው ቃል ይጨምራል። ግን ሰዎች ኮሪደር ላይ በቋንቋው ሰላም ሲሉኝ ዛሬም መልሱ አፌ ላይ ይደርቃል። አንዳንዴ ስልክ የያዝኩ መስዬ አልፋቸዋለሁ።

አባቴ ሱቁ ጣሪያ ላይ አንቴና አስተክሏል። ቴሌቪዥኑን ብርድ ልብሶቹ መካከል አስቀምጦታል። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ አብሬው ተቀመጥኩ፤ የሰፈሩ ስልጤ ነጋዴዎችም መጥተው ነበር። መምህርቷ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። አባቴም ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። ዞር ሲል እኔ አለመሳቄን አየ።

"ምን አለች?" አልኩት።

ሊነግረኝ ጀመረ። መካከል ላይ ቆመና ራሱን ነቀነቀ። "በአማርኛ ሲሆን አያስቅም" አለ። ድምፁ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም።

አንዲት ደንበኛ መጥታ የብርድ ልብስ ዋጋ ጠየቀች። አባቴ ሊነሳ ሲል "ተቀመጥ፣ እኔ አስተናግዳታለሁ" አልኩት። ተመልሶ ተቀመጠ፣ የቴሌቪዥኑንም ድምፅ ትንሽ ከፍ አደረገው።